የስካይሪም ቆዳ ወዝ፦ ቅቤ የተቀባ ወይም አመድ የመሰለ ገጸ ባሕርይን ማስተካከያ ዝርዝር መመሪያ

ስካይሪም በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ላይ አዲስ የቆዳ ሞድ (ተጫዋቾች የሚሠሩት የጨዋታ ማሻሻያ) ጫናችሁ፣ ጨዋታውን ከፈታችሁ፤ ገጸ ባሕርያችሁ ግን ለጋ ቅቤ ተቀብታ ጅማ ሄርማታ መርካቶ መሀል ፀሐይ ላይ የቆመች ትመስላለች። ወዙን ላጥፋ ብላችሁ አንዱን ቁጥር ዜሮ አደረጋችሁት። አሁን ደግሞ መላ ሰውነቷ ዱቄት የተነፋበት ሆነ። ብዙው ሰው ሞዱን የሚነቅለው እዚህ ላይ ነው። የተበላሸው ሞዱ ሳይሆን የተነካው ቁጥር ነው፤ መነካት የነበረበት ሌላ ነው።

መመሪያው እ.ኤ.አ. በ2016 ለወጣው ባለ 64 ቢቱ ስካይሪም ስፔሻል ኤዲሽን ነው። በ2011ዱ እትም ላይ የሚለየው ነገር በየቦታው ተጠቅሷል። የፋይል፣ የሜኑና የትእዛዝ ስሞች እዚህ በፊደላችን ተጽፈዋል፤ ኮምፒውተሩ ላይ የምታገኟቸውም የምትጽፏቸውም በላቲን ነው።

ሦስቱ መቆጣጠሪያዎች

ሁለት የጅማ በርጩማ መስኮት ዳር አስቀምጡ። አንዱ ቫርኒሽ ተቀብቷል፣ ሌላው ከመላጊያ እንደወጣ ነው። ቫርኒሹ ላይ የመስኮቱ ብርሃን ትንሽ፣ ዳሩ የተቆረጠ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ባዶው እንጨት ላይ ያው ብርሃን ተበትኖ ሰፊና ደብዛዛ ይሆናል። ይህ የስፋት ልዩነት በጨዋታው ቋንቋ ግሎሲነስ ይባላል። ነጥቡ ምን ያህል እንደሚደምቅ የሚወስነው ደግሞ ስፔኩላር ስትሬንግዝ ነው። በርጩማው ከርሞ መቀመጫው በሰው ልብስ ተፈግፍጎ ሲያበራና እግሮቹ ደብዛዛ ሆነው ሲቀሩ፣ የትኛው ቦታ እንደሚያበራና የትኛው እንደማያበራ የሚናገረው ሦስተኛው ነገር ነው፤ በስካይሪም ይህ በ«_ኤስ.ዲዲኤስ» የሚያልቀው ግራጫ ምስል ነው።

ግሎሲነስና ስትሬንግዝ የሚቀመጡት በኒፍ ፋይል ውስጥ ነው፤ ኒፍ ማለት የሰውነቱ ቅርጽ ነው። የ_ኤስ ምስሉ ያለው በቴክስቸር ፎልደር ነው፤ ቴክስቸር ማለት በቅርጹ ላይ የሚለበጠው ምስል ነው። ሦስቱ እርስ በርሳቸው ይባዛሉ። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ሁለቱን ከነካችሁ የትኛው ምን እንዳደረገ አታውቁም።

ዱቄት የተነፋበት መልክ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጨዋታው የነጸብራቁን ድምቀት ሲያሰላ ግሎሲነስን እንደ ርቢ ይጠቀማል። ከነጸብራቁ እምብርት 10 ዲግሪ ዘወር ያለ ቆዳ ላይ፣ ግሎሲነስ 10 ከሆነ የድምቀቱ 86 በመቶ ገና አለ፤ 30 ከሆነ 63 በመቶ፣ 100 ከሆነ 22 በመቶ፣ 300 ከሆነ 1 በመቶ ገደማ ይቀራል። ዜሮ ካደረጋችሁትስ? ማንኛውም ቁጥር በዜሮ ርቢ 1 ነው። ነጸብራቁ አይጠፋም፤ ብርሃን ባረፈበት ገላ ሁሉ ላይ እኩል ይለሰናል። ወዝ ለመቀነስ ስትሬንግዙን ቀንሱ እንጂ ግሎሲነስን ወደ ዜሮ አታውርዱ።

ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ለምን ይብሳል

አብዛኛው የቆዳ ሞድ የሚሞከረው ኖርድ በሚባለው የጨዋታው ነጣ ያለ ዘር ላይ ነው። እኛ ጠይሙን ዘር ሬድጋርድን መርጠን ወይም ቀለሙን አጥቁረን የራሳችንን ሰው የምትመስል ገጸ ባሕርይ ስንሠራ፣ ያው ፋይል ሌላ ነገር ይሆናል። ነጸብራቅ በቆዳው ቀለም ላይ የሚደመር ብርሃን ነው። የቆዳው ድምቀት 180 ሆኖ 50 ቢጨመርበት 230 ይሆናል፤ ጭማሪው 28 በመቶ ነው። የቆዳው ድምቀት 60 ሆኖ ያው 50 ቢጨመርበት 110 ይሆናል፤ ጭማሪው 83 በመቶ ደረሰ። ሂሳቡ ሻካራ ቢሆንም ዓይን የሚያየው ይህንኑ ነው፤ በነጣ ቆዳ ላይ «ትንሽ ወዝ» የነበረው በጠይም ቆዳ ላይ ፕላስቲክ ይሆናል። ስለዚህ ከታች ባሉት ደረጃዎች ለጠቆረ ገጸ ባሕርይ ቅነሳውን ጠንከር አድርጉ።

ወዙን ጨርሶ መግደልም ስህተት ነው። ያለ ወዝ የቀረ ጥቁር ቆዳ ሕይወት የለውም፤ አመድ ይመስላል።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህ ይኑሯችሁ፦

1. ጂምፕ የተባለው የምስል ማስተካከያ፣ 2.10.10 ወይም ከዚያ በላይ። ዲዲኤስን ያለ ተጨማሪ ፕለጊን ይከፍታል። ፋይሉ በቢሲ7 የታመቀ ሆኖ ጂምፕ አልከፍትም ካለ ፔይንት ዶት ኔት 4.2 ወይም አዲሱን ተጠቀሙ።
2. ኒፍስኮፕ 2.0፤ የኒፍ ፋይል መክፈቻና ማስተካከያ ነው። የ1 ቁጥሮቹ ለአሮጌው እትም እንጂ ለስፔሻል ኤዲሽን ፋይል አይሆኑም።
3. ሞዶችን የሚጭንና የሚያስተዳድር ፕሮግራም፦ ሞድ ኦርጋናይዘር 2 ወይም ቮርቴክስ። ፋይል በእጅ ዳታ ፎልደር ውስጥ መገልበጥ ይሠራል፤ ግን ወደ ኋላ ለመመለስ ስትፈልጉ ትቸገራላችሁ።
4. ምንም የቆዳ ሞድ ካልጫናችሁና የጨዋታውን የራሱን ቆዳ የምታስተካክሉ ከሆነ፣ ከቢኤስኤ (የጨዋታው ፋይሎች ከታሸጉበት) ፋይል ውስጥ የሚያወጣ ማንኛውም መሣሪያ።

ለዚህ ሥራ አዲስ የቆዳ ሞድ ማውረድ አያስፈልግም። በሞባይል ዳታ ጊጋባይቶች ከማውረድ ያላችሁን ማስተካከል ይቀላል፤ ቴክስቸሩን ብቻ ከነካችሁ ሠርታችሁ የምታስቀምጡት ከጥቂት ሜጋባይት አይበልጥም።

ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ ኒፍስኮፕ እያስቀመጠ ሳለ መብራት ከሄደ ፋይሉ ዜሮ ኪሎባይት ሆኖ ሊቀር ይችላል። በነባሩ ስም ላይ አታስቀምጡ። በሌላ ስም አስቀምጡ፣ ከዚያ ስሙን ቀይሩ። ዝናብ በያዘ ከሰዓት ይህ ልማድ ብዙ ድካም ያድናል።

መጠባበቂያውን ከሞድ ፎልደሩ ውጭ አድርጉት። ከአጠገቡ «ኮፒ» እየተባሉ የተደረደሩ ፋይሎች ከሁለት ቀን በኋላ የቱ ዋናው እንደሆነ ያጠፉባችኋል።

ደረጃ 1፦ ጥፋተኛውን ለዩ

ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ አየር ጠባይ ተመልከቱ። ደመና ሥር ያያችሁትን ቆዳ በሚቀጥለው ቀን ፀሐይ ላይ አይታችሁ «ቁጥሩ ሠራ» ብትሉ ራሳችሁን ነው የምታታልሉት።

1. ከኤስኬፕ ቁልፍ በታች ያለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ኮንሶሉን (የትእዛዝ መጻፊያውን) ክፈቱ።
2. «ሲኦሲ ሪቨርዉድ» ብላችሁ ወደ መንደሩ ሂዱ።
3. «ሴት ጌምአወር ቱ 12» ብላችሁ እኩለ ቀን አድርጉት። ሰዓቱ እንዳይሮጥ «ሴት ታይምስኬል ቱ 1» ጨምሩበት፤ መደበኛው 20 ነው፣ ስትጨርሱ መልሱት።
4. «ኤፍደብሊው 81ኤ» ብላችሁ ሰማዩን ጥርት አድርጉ።
5. «ቲኤፍሲ» ብላችሁ ካሜራውን ነጻ አውጡና ፊት፣ አንገት፣ ትከሻ፣ እጅን በየተራ ተጠግታችሁ እዩ። ስክሪንሾት አንሱ።

ኢኤንቢ (የጨዋታውን ብርሃንና ቀለም የሚቀይር ተጨማሪ) ካላችሁ ሺፍትና ኤፍ12ን አንድ ላይ ተጫኑና አጥፉት። ቅባቱ ከጠፋ ጥፋቱ የቆዳው አይደለም፤ ሺፍትና ኢንተር ተጭናችሁ የኢኤንቢውን መስኮት ክፈቱና የስፔኩላር ቁጥሮቹን እዚያው ቀንሱ። ቆዳውን አትንኩ። ነክታችሁ ኢኤንቢውን አንድ ቀን ስትቀይሩ አመድ የመሰለ ሰው ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ኢኤንቢ ጠፍቶም ካበራ፣ ነጩ ነገር የት እንዳለ እዩ። ካሜራውን ስታዞሩ አብሮ የሚንሸራተት ከሆነና ግንባር፣ አፍንጫ፣ ትከሻ ላይ ካረፈ የስፔኩላር ነው፤ ቀጥሉ። የገላዋን ዳር ዳር ብቻ እንደ ክር ይዞ የሚሄድ፣ አንዳንዴም ቀላ ያለ ብርሃን ከሆነ ግን የሪም ወይም የሶፍት ላይቲንግ ውጤት ነው። እሱ የሚቆጣጠረው በ«_ኤስኬ.ዲዲኤስ» ምስልና በኒፉ ውስጥ «ላይቲንግ ኢፌክት» 1 እና 2 በተባሉት ቁጥሮች ነው። ይህን ሳይለዩ የ_ኤስ ፋይሉን አስር ጊዜ ያጠቆሩ ብዙ ናቸው።

ደረጃ 2፦ ጨዋታው በእርግጥ የሚያነበውን ፋይል አግኙ

የሴት ቆዳ ፋይሎች ያሉት «ቴክስቸርስ፣ አክተርስ፣ ካራክተር፣ ፊሜል» በሚለው የፎልደር መንገድ ነው። የምትፈልጓቸው ሦስት ናቸው፦ ፊሜልቦዲ_1_ኤስ፣ ፊሜልሃንድስ_1_ኤስ እና ፊሜልሄድ_ኤስ። ለወንድ ፎልደሩ «ሜል»፣ ፋይሎቹ ሜልቦዲ_1_ኤስ፣ ሜልሃንድስ_1_ኤስ እና ሜልሄድ_ኤስ ይሆናሉ። ካጂትና አርጎኒያን የተባሉት ሰው ያልሆኑ ዘሮች የራሳቸው ፎልደር አላቸው፤ የሰውን ብታስተካክሉ እነሱን አይነካም።

ሁለትና ሦስት የቆዳ ሞድ ከጫናችሁ አሸናፊው አንዱ ብቻ ነው። በሞድ ኦርጋናይዘር በቀኝ በኩል ያለውን «ዳታ» ትር ከፍታችሁ እስከ ፋይሉ ድረስ ውረዱ፤ ከአጠገቡ የሞዱ ስም ይታያል። ያን ነው የምትገለብጡት። «አስተካክዬ ምንም አልተለወጠም» የሚባለው ቅሬታ በአብዛኛው የተሸነፈውን ፋይል ከማስተካከል የሚመጣ ነው።

«የእኔ ወዝ» የሚል አዲስ ባዶ ሞድ ፍጠሩ፣ ያንኑ የፎልደር መንገድ ውስጡ ሥሩ፣ ሦስቱን ፋይሎች ገልብጡበትና በግራው ዝርዝር ከሁሉ በታች አውርዱት። ስትሳሳቱ ምልክቱን ማንሳት ብቻ ነው።

በ_ኤምኤስኤን የሚያልቁትን ፋይሎች አትክፈቱ። የቆዳውን ጉብታና ስርጉድ በቀለም የያዙ ናቸው፤ መልሳችሁ ስታምቋቸው ገላው ላይ ካሬ ካሬ ይወጣል።

ደረጃ 3፦ የ_ኤስ ምስሉን አስተካክሉ

ከዚህ የምጀምረው በምክንያት ነው። ይህ ምስል ልብስ ለብሳም ሳትለብስም ይሠራል፣ የመንደሩን ሴቶችም ፊት አብሮ ያስተካክላል። ኒፍ ግን አንድ በአንድ ነው። አብዛኛው ሰው ከዚህ ደረጃ በላይ መሄድ አያስፈልገውም።

1. ፋይሉን በጂምፕ ክፈቱ። ሲጠይቃችሁ «ሎድ ሚፕማፕስ» የሚለውን ምልክት አንሱ፤ ካላነሳችሁ ያው ምስል እያነሰ እያነሰ በአሥራ ምናምን ሌየር ይከፈታል።
2. ምስሉ ግራጫ መሆኑን አረጋግጡ። ነጣ ያለው ቦታ ያበራል፣ ጠቆር ያለው አያበራም።
3. «ከለርስ» ውስጥ «ሌቭልስ»ን ክፈቱ። ከታች ካሉት የ«አውትፑት» ቁጥሮች የቀኙን ከ255 ወደ 200 አውርዱ፤ ለጠይምና ጥቁር ቆዳ ወደ 160። ሌላውን ሁሉ ተዉት።
4. ያንኑ ቁጥር በሦስቱም ፋይሎች ላይ ድገሙ። ጭንቅላቱን ብቻ አስተካክላችሁ «ልሞክረው» አትበሉ፤ አንገት ላይ መስመር ይወጣና ስህተቱ ቁጥሩ ይመስላችኋል።

ሌቭልስን የምመርጠው የቆዳውን ቀዳዳ ስለማያጠፋ ነው። ምስሉን አጉልታችሁ እዩት፤ ጉንጩ ላይ ጥቃቅን ጨለማ ነጠብጣቦች አሉ። እነሱ ነጸብራቁን ይሰባብሩታል፤ ቆዳን ቆዳ የሚያስመስሉት እነሱ ናቸው። በብሩሽ በአንድ ግራጫ ከለቀለቃችሁት ምንም ያህል ብታጠቁሩት ፕላስቲክ ነው።

አሁን የቦታ ሥራ። እዚህ ጊዜ ስጡ፤ ከሞድ ሠሪው የተሻለ የምትሠሩት እዚህ ነው። ቡና ሲፈላ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ላይ የበሩ ብርሃን ሲያርፍ እዩ፦ የግንባሩ መሀል፣ የአፍንጫው ድልድይና ጫፍ፣ የጉንጭ አጥንቱ ጫፍ፣ የታችኛው ከንፈር ያበራሉ። የዓይን ሥር ያነሰ ነው። አንገት ከፊት ይልቅ ደብዛዛ ነው። ትከሻና የአንገት አጥንት መልሰው ያበራሉ። ክርንና ጉልበት ግን ደረቅ ናቸው፤ የሚያበራ ክርን የቅባት መጀመሪያ ምልክት ነው። ፎቶ የምታነሱ ከሆነ የስልኩን ቆዳ ማለስለሻ አጥፉ፤ እሱ ራሱ ወዙን ያጠፋዋል።

5. የ«በርን» መሣሪያ ያዙ፤ ለስላሳ ዳር ያለው ብሩሽ፣ ኃይሉ 10 ወይም 15 በመቶ። ክርን፣ ጉልበት፣ የዓይን ሥርና የጆሮ ጀርባን አጥቁሩ።
6. «ዶጅ»ን በያው ኃይል ያዙና የግንባር መሀልን፣ የአፍንጫ ድልድይንና የታችኛውን ከንፈር ጥቂት አንሱ። ሁለት ጊዜ መዳበስ ይበቃል።
7. አንገት ላይ ስትደርሱ አቁሙና ቁጥር አንብቡ። በቀለም መምረጫው የጭንቅላቱን ምስል የአንገት ጫፍ ንኩ፣ ከዚያ የሰውነቱን ምስል የአንገት ጫፍ ንኩ። አንዱ 92፣ ሌላው 118 ቢል ያ መስመር በፀሐይ ላይ እንደ ማተብ ይታያል። ደማቁን በበርን አውርዳችሁ ልዩነቱን ከ5 በታች አድርሱት። የእጅ አንጓንም እንዲሁ።

አቀማመጥ

8. «ፋይል» ውስጥ «ኤክስፖርት አዝ» በሉ፣ ስሙን ሳትቀይሩ በዲዲኤስ አስቀምጡ።
9. ኮምፕረሽኑን ቢሲ1 ወይም ዲኤክስቲ1 አድርጉ። በሁለቱም እትሞች ይሠራል። በፔይንት ዶት ኔት ቢሲ7 መምረጥ ይቻላል፤ ሽግግሩ ይለሰልሳል፣ ግን የ2011ዱ እትም ቢሲ7 አያነብም።
10. «ጄኔሬት ሚፕማፕስ»ን ምረጡ። ይህን የዘለለ ሰው ገጸ ባሕርይዋ ስትርቅ ቆዳዋ እንደ ጨው ብልጭ ብልጭ ሲል ያያል።

ትክክል መሆኑን በመጠኑ ታውቁታላችሁ። 2048 በ2048 የሆነ ምስል በቢሲ1 ከነሚፕማፑ 2.7 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ በቢሲ7 5.3። ልክ 2 ሜጋባይት ከሆነ ሚፕማፕ የለውም። 16 ሜጋባይት ከሆነ ሳይታመቅ ነው የተቀመጠው። የራሱ ግራፊክስ ካርድ በሌለው ላፕቶፕ ለምትጫወቱ 1024 በ1024 ለ_ኤስ ምስል ይበቃል፤ 0.7 ሜጋባይት ነው፣ ልዩነቱን ተጠግታችሁ ካልሆነ አታዩትም።

ጨዋታውን ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁ ክፈቱ፣ ወደ ሪቨርዉድ ተመለሱ፣ በያው ሰዓት እዩ። ገና ካበራ አውትፑቱን በ20 በ20 ዝቅ አድርጉ፣ ግን ሁልጊዜ ከዋናው ፋይል ጀምሩ። የተቀነሰውን ደግሞ ደጋግሞ መቀነስ ምስሉን ያሟሽሸዋል።

ደረጃ 4፦ ኒፉ

እዚህ የምትመጡት የነጸብራቁ መጠን ደህና ሆኖ ቅርጹ ካስጠላችሁ ነው፦ ነጥቡ እንደ ቫርኒሽ ጠባብና ስለታም ከሆነ፣ ወይም እንደ ጉም ከተበተነ።

ፋይሎቹ «ሜሽስ፣ አክተርስ፣ ካራክተር፣ ካራክተር አሴትስ» ውስጥ ናቸው። ሰውነት፣ እጅና እግር እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ናቸው፤ በ_0 የሚያልቀው ቀጭኑ፣ በ_1 የሚያልቀው ወፍራሙ። ጨዋታው በሁለቱ መሀል ያለውን ክብደት ያሰላል፤ ስለዚህ ሁለቱንም በእኩል ቁጥር ቀይሩ። ጭንቅላቱ ፊሜልሄድ.ኒፍ ነው።

1. ቅጂውን በኒፍስኮፕ ክፈቱ። የሰውነቱን ቅርጽ ንኩ፣ ከሥሩ «ቢኤስ ላይቲንግ ሼደር ፕሮፐርቲ» የሚለውን ምረጡ።
2. ያለውን የግሎሲነስና የስፔኩላር ስትሬንግዝ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ። ከሞድ ሞድ ይለያያል፤ መመለሻችሁ ያ ወረቀት ነው።
3. ነጥቡ ስለታም ከሆነ ግሎሲነስን በሲሶ ቀንሱ፤ ለምሳሌ 90 ከነበረ 60። ነጸብራቁ ሲሰፋ ብዙ ቦታ ስለሚያበራ ስትሬንግዙንም ጥቂት መቀነስ ይኖርባችኋል፣ ግን በሚቀጥለው ሙከራ፤ አሁን አይደለም።
4. ጉም ከመሰለ በተቃራኒው ግሎሲነስን ከፍ አድርጉ።
5. «ስፔኩላር ከለር» ነጭ ወይም ወደ ነጭ የቀረበ መሆኑን እዩ። ጥቁር ከሆነ ሌላው ቁጥር ምንም ቢሆን ወዝ የለም።
6. በአዲስ ስም አስቀምጡ፣ ከዚያ ስሙን መልሱ።
7. እነዚያኑ ቁጥሮች በእጅ፣ በእግርና በጭንቅላት ላይ ጻፉ።

የሼደር ዓይነቱንና የፍላጎቹን ዝርዝር አትንኩ። «ሞዴል ስፔስ ኖርማልስ» የሚለው ምልክት በስህተት ከጠፋ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ጨዋታው ይምታታበታል፣ ገላዋም በተሳሳተ ጎን ይጠቁራል።

ደረጃ 5፦ ልብስ ስትለብስ ወዙ ከተመለሰ

በስካይሪም ልብስ በገላ ላይ አይደረብም። ሰውነቱን አውልቆ የራሱን ሰውነት ይዞ ይመጣል። በልብሱ የሚታየው ደረትና ክንድ በልብሱ ኒፍ ውስጥ ያለ ነው፤ የራሱ ግሎሲነስ አለው። ቴክስቸሩ የጋራ ስለሆነ የደረጃ 3 ሥራችሁ ይቀጥላል፣ የደረጃ 4 ግን አይከተላትም። የምትወዷቸውን ሁለት ሦስት ልብሶች ከፍታችሁ የቆዳውን ቅርጽ ብቻ አስተካክሉ፤ ሁሉንም ልሥራ ማለት የሳምንት ሥራ ነው፣ አያዋጣም።

ቦዲስላይድ (የሰውነትና የልብስ ቅርጽ መሥሪያ) የምትጠቀሙ ከሆነ ማስጠንቀቂያ፦ «ቢልድ» ባላችሁ ቁጥር ኒፉ እንደ አዲስ ይሠራል፣ ቁጥራችሁም ይጠፋል። ስለዚህ ከምንጩ አስተካክሉ። ከቦዲስላይድ ጋር የሚመጣውን አውትፊት ስቱዲዮን ከፍታችሁ ቅርጹን በቀኝ ጠቅ አድርጉ፣ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ የስፔኩላር ቁጥሮቹን ቀይሩ፣ ፕሮጀክቱን አስቀምጡ፣ ከዚያ ቢልድ በሉ።

ደረጃ 6፦ የሌሎች ገጸ ባሕርያት ፊት

ፊሜልሄድ.ኒፍን ስታስተካክሉ የሚለወጠው የእናንተ ገጸ ባሕርይ ብቻ ነው። የሌሎቹ ፊት አስቀድሞ ተጋግሮ «ፌስጀንዳታ፣ ፌስጂኦም» ፎልደር ውስጥ በየመለያ ቁጥሩ ተቀምጧል። ለምሳሌ ከጨዋታው ተከታዮች አንዷ የሆነችውን የሊዲያን ፊት ብትፈልጉ «ስካይሪም.ኢኤስኤም» ፎልደር ውስጥ 000ኤ2ሲ8ኢ.ኒፍ ነው። ኮንሶል ከፍታችሁ እሷን ስትነኩ የሚወጣው ግን ኤ2ሲ94 ነው፤ ያ እሷ በዓለሙ ውስጥ የቆመችበት ቁጥር ነው እንጂ የፊቷ ፋይል ቁጥር አይደለም። በዚህ የሚጠፋው ጊዜ ብዙ ነው።

ስትከፍቱት ቁጥሮቹን ብቻ ቀይሩ። የቅርጾቹን ስም አትለውጡ፣ አትሰርዙ፤ የፊቱ ፋይልና በፕለጊኑ የተመዘገበው ካልተጣጣሙ ፊቱ ከገላው ተለይቶ ይጠቁራል። የራሳቸው የቆዳ ፎልደር ይዘው የሚመጡ ተከታዮች ደግሞ የደረጃ 3 ሥራችሁን አያዩትም፤ የእነሱን _ኤስ ፋይል ለብቻ አስተካክሉ።

ችግር ሲገጥም

ምንም አልተለወጠም። አሸናፊው ፋይል ሌላ ነው፣ ወይም ጨዋታውን አልዘጋችሁም። ለማረጋገጥ የ_ኤስ ምስሉን ሙሉ ጥቁር አድርጋችሁ አስቀምጡ። ወዙ ጨርሶ ካልጠፋ የምታስተካክሉት ፋይል አይነበብም፤ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

አንገት ላይ መስመር አለ። መጀመሪያ የግራጫውን ቁጥር አንብቡ፣ ቀጥሎ የጭንቅላቱንና የሰውነቱን ግሎሲነስ አስተያዩ። ሁለቱም እኩል ሆነው መስመሩ ካለ የወዝ ችግር አይደለም፤ የጭንቅላቱና የሰውነቱ ቆዳ ከሁለት የተለያየ ሞድ መጥቷል።

ገላዋ ሐምራዊ ሆነ። ቴክስቸሩ አልተገኘም። የፎልደሩን ስም ፊደል በፊደል እዩ። በ2011ዱ እትም ከሆነ ቢሲ7 አስቀምጣችሁ እንደሆነ እዩ።

ነጸብራቁ ካሬ ካሬ ሆኖ ወጣ። ቢሲ1 ምስሉን በ4 በ4 ነጥብ ይከፋፍለዋል። በስፔሻል ኤዲሽን ወደ ቢሲ7 ዙሩ። ካልተቻለ ከማስቀመጣችሁ በፊት ምስሉ ላይ በጣም ጥቂት «ኖይዝ» ጨምሩ፤ ሽግግሩን ይሰባብረዋል።

ወዙ በተሳሳተ ቦታ ነው፤ ጉልበቱ ያበራል፣ ትከሻው ጨለማ ነው። የአንዱን የሰውነት ዓይነት ቴክስቸር በሌላው ላይ ጭናችኋል። የሲቢቢኢና የዩኤንፒ ቆዳ አዘረጋጉ ይለያያል፤ ማስተካከል ሳይሆን መቀየር ነው ያለባችሁ።

ቤት ውስጥ ደህና ነው፣ ደጅ ያበራል። የተለመደ ነው። ደጁን እንደ መነሻ ውሰዱ፤ ለሻማ ብርሃን ያመቻቻችሁት ቆዳ ፀሐይ ላይ ቅቤ ይሆናል። ሰዓቱን 12፣ 18 እና 22 አድርጋችሁ ሦስቱንም እዩ።

ጨዋታው ገጸ ባሕርይዋ ስትመጣ ይዘጋል። ኒፉ ተበላሽቷል ወይም በአሮጌ ኒፍስኮፕ ተቀምጧል። መጠኑን ከመጠባበቂያው ጋር አስተያዩ። ቁጥር ብቻ የተቀየረበት ኒፍ መጠኑ መለወጥ የለበትም።

ለጓደኛ ስትልኩ

ስክሪንሾት አሳይታችሁ ምክር የምትጠይቁ ከሆነ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ስለሚታመቅ የቆዳው ቀዳዳ ይጠፋና ሁሉም ሰው ፕላስቲክ ይመስላል። በፍላሽ የምትሰጡ ከሆነ ዚፕ አድርጉትና ከፎልደሩ መንገድ ጋር ስጡ። የቆዳው ሞድ የሌላ ሰው ሥራ ከሆነ ፋይሉን ሳይሆን ቁጥሮቹን ስጡ፦ የሞዱ ስም፣ የአውትፑት ቁጥሩ፣ ግሎሲነሱ፣ ስትሬንግዙ፣ ኢኤንቢው በርቶ ነበር ወይስ ጠፍቶ። በእነዚህ አምስት ነገሮች ሌላው ሰው በራሱ ኮምፒውተር ያንኑ ቆዳ ማውጣት ይችላል።